ከጦርነት በኋላ የቀረ ጠላት፦ የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የተቀበረ ፈንጂን ለማስወገድ ያደረጉት ትብብር

ጦርነት የሚቆምበትን ቀንና ሰዓት ተዋጊዎቹ ተስማምተው ይወስናሉ። መድፉ ዝም ይላል፤ ወታደሩ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ስደተኛውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቀዬው ይገሰግሳል። የተቀበረ ፈንጂ ግን የተኩስ አቁም ትእዛዝ አይደርሰውም። ከአፈር ሥር ተኝቶ የሚጠብቀው ክብደትን ብቻ ነው። የሚረግጠው እግር የጠላት ወታደር ይሁን የራስ ወገን ገበሬ፣ ወይም ከብት የሚያግድ ልጅ ይሁን ለይቶ አያውቅም። በዚህም ምክንያት ሰላም በተፈረመ በአሥርና በሃያ ዓመቱ ሰው ሲሞትና አካሉ ሲጎድል ይታያል።

ይህ ጉዳይ የወታደርና የሐኪም ብቻ አይደለም፤ በቀጥታ መሐንዲሱን ይመለከታል። ከጦርነት በኋላ መንገድ ለመጥረግ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ለመትከል፣ ድልድይ ለመጠገንና ቦይ ለመቆፈር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚቆምበት መሬት ደኅና መሆኑን ማወቅ አለበት። ቀያሹ መሣሪያውን ሊያቆም የማይችልበት ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ሥራ ሊታቀድ አይችልም። ከዚህም በላይ ፈንጂ በብዛት የሚቀበረው የጦር ግንባር በነበረው መሥመር ላይ ስለሆነ፣ ያ መሥመር ከጊዜ በኋላ የሁለት አገሮች ወሰን ሆኖ ሲገኝ ችግሩ የአንድ መንግሥት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጎረቤታሞች ተባብረው ካልሠሩ በስተቀር አንዱ ያጸዳውን ሌላው እንዳለ ይተወዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያና የአካባቢዋ አገሮች ታሪክ ነው። ዩጎዝላቪያ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች እንግዳ አገር አልነበረችም፤ የአሰብ ወደብ የተሠራው በዚያ አገር ኩባንያ ነበር። አገሪቱ ከፈረሰች በኋላ በቦታዋ የተተኩት መንግሥታት በደም የተለያዩ ቢሆኑም፣ በፈንጂ ጉዳይ ግን ቀስ በቀስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ችለዋል። እንዴት እንደቻሉና የት ላይ እንደተደናቀፉ መመርመር ጠቃሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች

የዩጎዝላቪያ ሕዝባዊ ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመሠረተበት የመከላከያ ሐሳብ፣ ከምሥራቅም ሆነ ከምዕራብ ሊመጣ የሚችል ወራሪን በተራራና በወንዝ ላይ እያደናቀፉ ማድከም ነበር። ለዚህ ዓላማ ፈንጂ ዋና መሣሪያ ሆነ። አገሪቱ ፈንጂዎቿን ራሷ ታመርት ነበር። ከእነዚህም መካከል አካላቸው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በቀላሉ የማያገኛቸው ትናንሽ ፀረ ሰው ፈንጂዎች፣ በካስማ ላይ ተተክለው በሽቦ የሚጠለፉ፣ እንዲሁም ከመሬት ተወርውረው በሰው ወገብ ቁመት ላይ የሚፈነዱ ይገኙባቸዋል። የመጨረሻዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለፈንጂ አምካኞች እጅግ አደገኛ ሆነው ተገኝተዋል።

በ1991 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ በክሮኤሽያ፣ በ1992 ደግሞ በቦስንያ ሄርዘጎቪና ጦርነት ተጀመረ። ተፋላሚዎቹ ወገኖች በሙሉ የተጠቀሙት ከአንድ መጋዘን የወጣ ፈንጂ ነበር፤ መኮንኖቻቸውም የተማሩት ከአንድ የመሐንዲስ ጦር ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርቱ ደግሞ ጥብቅ ነበር። ማንኛውም የፈንጂ ወረዳ ሲቀበር በተወሰነ ቅጽ ላይ ንድፍ እንዲነሣለት፣ መነሻ የሚሆን ቋሚ ምልክት እንዲመረጥለት፣ የፈንጂው ዓይነት፣ ብዛትና የረድፍ ርቀት እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ ቅጽ በጠላትነት ዘመን ምሥጢር ነበር። በሰላም ጊዜ ግን ከማንኛውም ማሽን ይበልጥ ሕይወት የሚያድን ሰነድ ሆነ።

ነገር ግን ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በሠለጠነው ክፍል ብቻ ነበር። ግንባሩ በየሳምንቱ ወደፊትና ወደኋላ በሚልበት ጊዜ፣ ልምድ የሌላቸው ሚሊሺያዎችና ቤታቸውን ለመጠበቅ የተነሡ የመንደር ሰዎች ያገኙትን ፈንጂ በአጥር ሥር፣ በጓሮና በውኃ ምንጭ ዳር ቀብረው ሄዱ። አንድ ወገን የቀበረውን ሳያውቅ ሌላው በላዩ ደረበበት። ብዙ ንድፍ ያነሡ ሰዎችም በውጊያ ሞቱ፤ ወረቀቱም አብሮ ጠፋ።

የመዝገብ ርክክብ

የቦስንያን ጦርነት ያቆመው ስምምነት በኅዳር ወር 1995 በአሜሪካ በዴይተን ከተማ ተደርሶበት በታኅሣሥ በፓሪስ ተፈረመ። የስምምነቱ ወታደራዊ አባሪ ተፋላሚዎቹ ስለቀበሩት ፈንጂ ያላቸውን መረጃ እንዲያስረክቡ፣ በመለያያው ቀጣና ያለውንም እንዲያነሡ ወይም ምልክት እንዲያደርጉበት በቀናት የተቆጠረ ጊዜ ሰጣቸው። ሁለቱን የአገሪቱ ክፍሎች የሚለየው መሥመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው በመሆኑ፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ሥራውን መፈጸም ፈጽሞ የሚቻል አልነበረም። የመዝገብ ርክክቡ ግን ተጀመረ። ቀስ በቀስ ከ18,000 በላይ የፈንጂ ወረዳ መዝገቦች ተሰበሰቡ።

የእነዚህ መዝገቦች ጥራት እጅግ የተለያየ ነበር። አንዳንዱ በሚገባ የተነሣ ንድፍ ሲሆን፣ ሌላው በማስታወሻ ደብተር ቅዳጅ ላይ የተጫረ ነበር። መነሻ ምልክቱ አንድ ትልቅ ዛፍ ወይም የአንድ ቤት ማዕዘን ከሆነ፣ ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ ቤቱም በመድፍ ፈርሶ ይገኛል። ከመነሻው ነጥብ የተለካው ርቀት ሁሉ ያን ጊዜ ትርጉም ያጣል። ያም ሆኖ ጉድለት ያለበት መዝገብ ጨርሶ ካለመኖሩ ይሻላል፤ ቢያንስ በዚህ ሸለቆ ፈንጂ አለ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ የፈንጂውንም ዓይነት ይናገራል።

በቦስንያ ከጦርነቱ በኋላ በፈንጂ የተጠረጠረው መሬት 4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ተገምቷል። ከሰላሙ ወዲህ ብቻ ከ1,700 የሚበልጡ ሰዎች የፈንጂ አደጋ ሲደርስባቸው፣ ከእነርሱ ውስጥ ከ600 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በክሮኤሽያ ደግሞ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መሬት ወደ 13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። መዝገቦች ተሰብስበው፣ ነዋሪዎች ተጠይቀው፣ መሬቱም በሚገባ ከተጠና በኋላ ግን ወደ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። ከዚህ ቅናሽ ከፍተኛው ክፍል የተገኘው በመቆፈር ሳይሆን በጥናት መሆኑን መሐንዲሶች ልብ ሊሉት ይገባል። አንድ ካሬ ሜትር በእጅ ለመፈተሽ የሚወስደውን ጊዜና ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው፣ ከጠላት እጅ የተገኘ አንድ ትክክለኛ ንድፍ ዋጋው የቱን ያህል እንደሆነ ግልጽ ነው።

የዴይተን ትምህርት በኮሶቮ ጉዳይ ላይ ፍሬ ሰጠ። በሰኔ ወር 1999 የኔቶ የአየር ድብደባ የቆመበት ወታደራዊ ስምምነት በኩማኖቮ ሲፈረም የመዝገብ ጉዳይ አልተዘነጋም። የዩጎዝላቪያ ጦር ከ600 በላይ የፈንጂ ወረዳ መዝገቦችን አስረከበ፤ ኔቶም በበኩሉ የክላስተር ቦምብ ስለጣለባቸው ቦታዎች መረጃ ሰጠ።

የጋራ የገንዘብ ሣጥን

መዝገብ ቢገኝም ሥራው ገንዘብ ይጠይቃል። በጦርነቱ ማግስት ልዩ ልዩ ለጋሾች እያንዳንዳቸው በመረጡት ቦታ፣ በመረጡት ድርጅትና በራሳቸው መመዘኛ ያሠሩ ስለነበር፣ በአንዱ ሸለቆ ሁለት ድርጅቶች ሲገናኙ በሌላው አንድም አይደርስም ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል የስሎቬንያ መንግሥት በመጋቢት ወር 1998 ፈንጂን ለማስወገድና ተጎጂዎችን ለመርዳት የሚውል ዓለም አቀፍ የአደራ ገንዘብ አቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱም በዋና ከተማዋ በሉብሊያና አቅራቢያ በኢግ ተከፈተ።

ስሎቬንያ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበረች። እርሷም ከዚያችው ፌዴሬሽን የወጣች በመሆኗ ቋንቋውን፣ መሬቱንና ፈንጂውን ታውቃለች፤ ጦርነቷ ግን በ1991 በአሥር ቀን ውስጥ ስላበቃ እንደ ሌሎቹ ጥልቅ ቂም አልያዛትም። ክሮኤሽያውም ሰርቡም ቦስንያውም ሊያነጋግራት ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ሌሎች ለጋሾች ለሚሰጡት እያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር ለመጨመር፣ ይህንንም እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገባ። ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም ነበረው። በአንድ በኩል ትናንሽ ለጋሾች የሰጡት እጥፍ እንደሚሆን ስላወቁ ተበረታቱ። በሌላ በኩል ገንዘቡ በአንድ ሣጥን በኩል ስላለፈ ሥራው በግልጽ ጨረታ ተሰጠ፤ ቁጥጥርም አንድ ዓይነት ሆነ።

ከገንዘቡ ከፊሉ ለተጎጂዎች ዋለ። በሉብሊያና የሚገኘው የተሐድሶ ሕክምና ተቋም ከቦስንያና ከሌሎች አገሮች የመጡ አካለ ጎደሎዎችን እየተቀበለ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ሠራላቸው። የጎረቤት አገር ሐኪሞችም በዚያው ሠለጠኑ።

የጋራ ጠረጴዛ

በ2000 የአልባንያ፣ የቦስንያና የክሮኤሽያ የፈንጂ ጉዳይ ማዕከላት ኃላፊዎች ከስሎቬንያው የአደራ ገንዘብ ጋር ሆነው የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የፈንጂ ሥራ አስተባባሪ ምክር ቤት መሠረቱ። ሌሎች የአካባቢው አገሮችም ኋላ ተቀላቀሉ። ምክር ቤቱ ትልቅ ሕንፃም ብዙ ሠራተኛም አልነበረውም፤ በየጊዜው የሚገናኙ ባለሙያዎች ጉባኤ ነበር። የመከሩባቸው ጉዳዮችም የፖለቲካ አልነበሩም፦ የካርታዎች ልውውጥ፣ የፍለጋ ውሾች እንዴት እንደሚፈተኑ፣ መሬት ደብዳቢ ማሽን ምን ያህል ጥልቀት መድረስ እንዳለበት፣ የተጣራ መሬት በማን ፊርማ እንደሚረከብ፣ ድንበር ላይ ያለ የፈንጂ ወረዳ በየትኛው ወገን እንደሚጀመር።

እነዚህ ጥያቄዎች ጥቃቅን ቢመስሉም የትብብሩ ጥንካሬ የመጣው ከእነርሱ ነው። ሚኒስትሮቹ ገና ሰላምታ በማይለዋወጡበት ጊዜ ባለሙያዎቹ ስለ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ የስሜት መጠን ሊነጋገሩ ችለዋል። የሚያውቁት ፈንጂ አንድ ነው፤ የሚያነቡት ቅጽም አንድ ነው፤ ቃላቱን እንኳ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። በጦርነት ጊዜ ሁሉንም አደገኛ ያደረጋቸው የአንድ ትምህርት ቤት ልጅነት በሰላም ጊዜ የመግባቢያ ቋንቋ ሆነላቸው።

የክሮኤሽያ የፈንጂ ማዕከል በ1998 ከተቋቋመ በኋላ መሣሪያና ማሽን የሚፈተሽበትን፣ ባለሙያም የሚሠለጥንበትን ተቋም በ2003 አቋቋመ። የክሮኤሽያ ፋብሪካዎች የሠሯቸው፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚነዳቸው ሰንሰለት ደብዳቢ ማሽኖችም ወደ ብዙ አገሮች ተልከዋል። በሳራዬቮ አጠገብ ደግሞ የኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት የፍለጋ ውሾች ማሠልጠኛ ከፍቶ በሌሎች አህጉሮች ለሚሠሩ ቡድኖች ጭምር አዘጋጀ። ጦርነት ያተረፈላቸውን መርዶ ወደ ሙያ የለወጡት በዚህ መንገድ ነበር።

ድንበር ላይ

ትብብሩ ዋና ፈተናውን ያገኘው በድንበር ላይ ነው። በ1999 በኮሶቮ ጦርነት ጊዜ የሰርቢያ ኃይሎች ከአልባንያ ጋር ባለው ወሰን ላይ ብዙ ፈንጂ ቀበሩ። በሰሜን ምሥራቅ አልባንያ በኩከስ፣ በሐስና በትሮፖያ ወረዳዎች የሚኖረው ደጋ ገበሬ በጦርነቱ ተዋጊ ያልነበረ ቢሆንም፣ የግጦሽ መሬቱና የእንጨት መልቀሚያው ተዘጋበት። አልባንያ በለጋሾች እርዳታና በጎረቤቶቿ መረጃ እየታገዘች አሥር ዓመት ሠርታ፣ በ2009 ከፈንጂ ነጻ መሆኗን አስታወቀች።

በሌላው የባልካን ጫፍ ቡልጋርያና ቱርክ በመጋቢት 1999 የጋራ ወሰናቸውን ከፈንጂ ለማጽዳትና ዳግመኛም ላለመጠቀም ተዋዋሉ፤ ቡልጋርያ የራሷን በዚያው ዓመት ጨረሰች። ግሪክና ቱርክ ደግሞ ለብዙ ዘመን በጥርጣሬ የሚተያዩ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ፣ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ውል ያጸደቁበትን ሰነድ በመስከረም 25 ቀን 2003 በአንድ ላይ አስረከቡ። አንዱ ቀድሞ ሌላው ቢቀር የቀደመው ራሱን ያጋለጠ ስለሚመስለው፣ በአንድ ቀን ማድረጋቸው ጥበብ የተሞላበት መፍትሔ ነበር። በድራቫ ወንዝ አካባቢም ሀንጋሪና ክሮኤሽያ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የወሰን መሬታቸውን በጋራ አጽድተዋል።

የሳቫ ጎርፍ

ፈንጂ ድንበር እንደማያውቅ በግልጽ ያሳየው ግን በግንቦት ወር 2014 የደረሰው ጎርፍ ነው። በቦስንያ፣ በሰርቢያና በክሮኤሽያ ላይ ለቀናት የዘነበው ዝናብ ሳቫንና ገባሮቹን ሞላ፤ በምሥራቅ ክሮኤሽያ በራዬቮ ሴሎ መከላከያ ግድቡ ተደርምሶ የጉንያ መንደር በውኃ ተዋጠ። በቦስንያ ተራሮች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የመሬት መንሸራተቶች ደረሱ። ከተንሸራተተው አፈር ጋር ፈንጂም አብሮ ወረደ። ቀላል የፕላስቲክ ፈንጂዎች በውኃ ተወስደው ንጹሕ በተባለ ማሳ ላይ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም በደለል ተቀበሩ። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ራሳቸው ተጠርገው ሄዱ። በዓመታት ድካም የተሠራው ካርታ በአንድ ሳምንት በብዙ ቦታ የማይታመን ሆነ።

እዚህ ላይ ቀደም ብሎ የተሠራው ትብብር ጠቀመ። የሳቫ ተፋሰስ አገሮች በ2002 በተፈራረሙት ውል መሠረት በዛግሬብ የጋራ የወንዝ ኮሚሽን ነበራቸው፤ የፈንጂ ማዕከላቱም እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር። የሦስቱ አገሮች ማዕከላት የአደጋ ቀጣናዎቻቸውን መረጃ ተለዋወጡ፤ ሕዝቡንም አስጠነቀቁ። የቤልጂግ የጦር አካዳሚ ባለሙያዎች ሰው አልባ አውሮፕላን ይዘው መጥተው የመሬት መንሸራተቱ የፈንጂ ወረዳዎቹን ወዴት እንደገፋቸው ከአየር ላይ ለማወቅ ረዱ። የወንዝ መሐንዲስና የፈንጂ አምካኝ አንድ ካርታ መያዝ እንዳለባቸው ጎርፉ አስተማረ። ወንዝ አንድ ተፋሰስ እንደሆነ ሁሉ፣ በተፋሰሱ ውስጥ ያለ ፈንጂም የጋራ ነው።

የትብብር ወሰን

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ጉድለቱን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። የቦስንያ ሥራ ገና አላለቀም። የተጠረጠረው መሬት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ቢወርድም፣ በኦታዋ ውል የተሰጣት የ2009 ቀነ ገደብ ወደ 2019፣ ከዚያ ወደ 2021፣ እንደገናም ወደ 2027 ተራዝሟል። ክሮኤሽያም ብትሆን ከ2009 ወደ 2019፣ ቀጥሎም ወደ 2026 ማስራዘም ግድ ሆኖባታል፤ ነገር ግን ከፍ ያለውን ወጪ ከራሷ በጀት ስለሸፈነች ሥራዋ ያለማቋረጥ ቀጠለ።

በቦስንያ ግን ሥልጣኑ በሁለቱ የአገሪቱ ክፍሎች መካከል ተከፍሎ በመቆየቱ አንድ ወጥ ሕግ የወጣው በ2002 ነው። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2000 የዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ከፍተኛ ተወካይ ሦስቱን የፈንጂ ማስወገጃ ኮሚሽን አባላት የግል ጥቅምን ከሕዝብ ሥራ ጋር በማጋጨት ምክንያት ከሥልጣን አነሣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጎረቤት ትብብር የራስን ቤት ሥርዓት አይተካም። የጋራ ሣጥን ገንዘብ ሊያመጣ፣ የጋራ ጠረጴዛም መመዘኛ ሊያወጣ ይችላል፤ መሬቱን አጽድቶ የሚረከበው ግን የየአገሩ ተቋም ነው። ያ ተቋም ደካማ ከሆነ ካርታው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የቅርብ ትርጉሙ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአገሪቱ ምድር ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት፣ በኋላም ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተካሄደው ጦርነት ልዩ ልዩ ፈንጂዎች ተቀብረዋል። የኢትዮጵያ የፈንጂ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በ2001 ተቋቋመ። በቦስንያ የሠራው የኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት ያካሄደውና በ2004 የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት 1,492 የችግሩ ተጠቂ የሆኑ ማኅበረሰቦችን ለይቷል። ያው ድርጅት በፍለጋ ውሾች ሥራም ጽሕፈት ቤቱን ረድቷል። ኢትዮጵያ የኦታዋን ውል በዚያው በ2004 አጽድቃለች። ከ2000 እስከ 2008 በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ የቆየው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮም የፈንጂ ማስተባበሪያ ማዕከል ነበረው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአፋርና በአማራ አዲስ የፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ሸክም ጥሎ አልፏል።

በ2025 ኤስቶንያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌንያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ከኦታዋ ውል ለመውጣት መወሰናቸው ፈንጂ ከዓለም የመጥፋቱ ተስፋ እንደራቀ ያሳያል። ስለዚህ ፈንጂን ማንሣት ብቻ ሳይሆን የተቀበረበትን ቦታ መዝግቦ ማቆየት፣ መዝገቡንም ሰላም እንደተገኘ ማስረከብ የዘመኑ ግዴታ ነው።

የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ልምድ የሚያስረዳው ዋና ነገር ይህ ነው። ጎረቤታሞች በፈንጂ ላይ ለመተባበር አስቀድመው መፋቀር አላስፈለጋቸውም። መጀመሪያ የተለዋወጡት ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ መመዘኛቸውን አስማሙ፤ ገንዘቡና መተማመኑ ከዚያ በኋላ መጣ። መዝገቡ በዘገየ ቁጥር ዕዳውን የከፈለው ወደ ማሳው የተመለሰው ገበሬ ነው። በሰላም ድርድር ጠረጴዛ ላይ ስለ ወሰንና ስለ ሥልጣን ሲከራከሩ የመዝገብ ርክክብ የሚለው አንቀጽ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ያ አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲገባ፣ ከገባም በኋላ ቅጹ ተሞልቶ፣ ንድፉ ተፈትሾ፣ ካርታውም ለሚያስፈልገው ሁሉ እንዲደርስ ማድረግ ግን ከማንም በላይ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።